ከዳቦ የወጡ የእንግሊዝኛ ቃላት፦ የጥናት ማስታወሻ

የእንግሊዝኛን የጥንት ቃላት ማጥናት ስጀምር ልማዴ እያንዳንዱን ቃል ከነትርጉሙ በተራ መመዝገብ ነበር። አሁን የምከተለው መንገድ ከዚያ ይለያል፤ አንድ ሥር እመርጥና ከእርሱ የወጡትን ቃላት ሁሉ፣ ድምፃቸው እንዴት እንደ ተለወጠና በየዘመኑ ምን ትርጉም እንደ ያዙ፣ አብሬ እከታተላለሁ። በዚህ መንገድ ከመረመርኋቸው ሥሮች አብልጦ ያስተማረኝ «ህላፍ» ስለ ሆነ፣ በዚሁ ጥናት ላይ ላላችሁ ሁሉ ያገኘሁትን አካፍላለሁ።

«ህላፍ» በጥንቱ እንግሊዝኛ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ450 እስከ 1100 ግድም በነበረው ቋንቋ፣ የዳቦ መደበኛ ስም ነበር። የዛሬው «ሎፍ» ያው ቃል ነው፤ ነገር ግን «ብሬድ» አጠቃላይ ትርጉሙን ስለ ወሰደበት አንድን ሙሉ ዳቦ ብቻ የሚያመለክት ሆኖ ቀርቷል። ቃሉን እዚህ ያደረሱት ሁለት የድምፅ ለውጦች ናቸው። አንደኛ፣ በቃል መነሻ ከ«ል»፣ ከ«ር» እና ከ«ን» በፊት ይሰማ የነበረው «ህ» ጠፋ፤ «ህሪንግ» «ሪንግ»፣ «ህኑቱ» «ነት» የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ ረጅሙ «ኣ» በደቡብና በመካከለኛው እንግሊዝ ወደ «ኦ» ተለወጠ። «ስታን» ስቶን፣ «ባን» ቦን፣ «ሃም» ሆም፣ «ራፕ» ሮፕ ሆነዋል። ለውጡ ወደ ሰሜን ስላልዘለቀ፣ በስኮትላንድ እስከ ዛሬ «ስቴን» እና «ሄም» የሚሉ አሉ። እነዚህን ሁለት ሕግጋት ጠንቅቆ የያዘ ሰው ቀድሞ አይቷቸው የማያውቃቸውን በርካታ የጥንት ቃላት መለየት ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ከዚህ ሥር የማዕረግ ስሞች መውጣታቸው ነው። «ሎርድ» (ጌታ) የመጣው ከ«ህላፍዌርድ» ሲሆን ትርጉሙ የዳቦ ጠባቂ ማለት ነው። ይህ በአፍ ሲመላለስ «ህላፎርድ»፣ ቀጥሎም «ላቨርድ» እየሆነ፣ መካከሉ እየተዋጠ በመጨረሻ አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ቀረው። «ሌዲ» (እመቤት) ደግሞ «ህሌፍዲዬ» ነበር፤ የኋለኛው ክፍሉ ሊጥን ከሚያመለክተው ቃል ጋር ዘመድ ስለ ሆነ፣ ጠቅላላ ትርጉሙ ዳቦ አቡኪ ማለት ነው። ይህ ስም ግን በጓዳ ተወስኖ አልቀረም። የንጉሥ አልፍሬድ ልጅ ኤተልፍሌድ ባሏ በ911 ከሞተ በኋላ እስከ 918 በመካከለኛው እንግሊዝ የነበረችውን መርሲያን ስትገዛ፣ የእንግሊዞች ዜና መዋዕል የሚጠራት በዚሁ ቃል «የመርሲያውያን እመቤት» እያለ ነው።

የቤቱ ራስ የዳቦ ጠባቂ ከሆነ፣ በእርሱ ሥር የሚኖረውስ ምን ይባላል? እ.ኤ.አ. በ600 ግድም የተደነገገው የኬንት ንጉሥ የኤተልበርት ሕግ መልሱን ይሰጠናል፤ የአንድን ነፃ ሰው «ህላፍኤታ»፣ ማለትም ዳቦ በላ፣ የገደለ ሰው 6 ሺሊንግ ይክፈል ይላል። ሎሌው የተሰየመው በሚሠራው ሥራ ሳይሆን በሚበላው ዳቦ ነው። ይህ አስተሳሰብ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ሥራ ሊፈልግ የሄደውን «እንጀራ ፍለጋ ወጣ» እንላለን፤ ያልወለደውን ልጅ የሚያሳድገውንም «እንጀራ አባት» እንለዋለን።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። በእንግሊዞች አቆጣጠር ኦገስት 1 (በእኛ ሐምሌ 25) ከአዲሱ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ በቤተ ክርስቲያን የሚቀርብበት በዓል «ላማስ» ይባላል፤ ከ«ህላፍመሴ»፣ ከዳቦ ቅዳሴ የመጣ ስም ነው። «ዴይሪ» (የወተት ሥራ ቤት) ደግሞ ከ«ህላፍ» ባይወለድም ከሊጡ ወገን ነው። «ዴዬ» መጀመሪያ አቡኪ፣ በኋላ የቤት ሠራተኛ፣ ከዚያም ወተት የምታልብ ሴት ማለት ስለ ሆነ፣ የእርሷ የሥራ ቦታ በስሟ ተጠራ።

በዚህ ጥናት አጥብቄ የያዝሁት መመሪያ የቃላትን መመሳሰል ብቻ አለማመን ነው። «አይላንድ» (ደሴት) ውስጥ የማይነበብ «ኤስ» ተጽፎ ይገኛል፤ ይህም ቃሉ ከላቲን የመጣ ያስመስለዋል። የጥንቱ «ኢየግላንድ» ግን እንግሊዝኛ ከጀርመንኛና ከዘመዶቹ ጋር የሚጋራው ጀርማኒክ ሥር ያለው ነው፤ ፊደሉ የገባው ከፈረንሳይኛ የመጣውን «አይል» የተባለውን ቃል በማስመሰል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድን የዘር ሐረግ የምቀበለው የድምፅ ሕጉና በዘመኑ የተጻፈው ምስክር ሲስማሙ ነው። ለምስክርነቱ ከ1884 ጀምሮ በክፍል በክፍል ታትሞ በ1928 የተፈጸመው የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለየትርጉሙ ጥቅሶችን ከነዘመናቸው ስለሚያቀርብ ተወዳዳሪ የለውም።

አሁን የያዝሁት ሥር የ«ህላፍዌርድ» ሁለተኛ ክፍል፣ ጠባቂ ማለት የሆነው «ዌርድ» ነው። ይህ ሥር በፈረንሳይም ስለ ነበረ፣ ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ድል ካደረጉ በኋላ በሌላ በር ተመልሶ ገብቷል። ኖርማኖች «ው» የሚሉትን የመካከለኛው ፈረንሳይ ሰዎች «ግ» ይሉት ስለ ነበር፣ እንግሊዝኛ «ዋርደን»ን ከ«ጋርዲያን»፣ «ዋራንቲ»ን ከ«ጋራንቲ» ጋር አንድ ላይ ይዞ ይገኛል። የእነዚህን ጥንዶች ዝርዝር ከነዘመናቸው እያዘጋጀሁ ነው።