«ፌሁ»፦ መጀመሪያ ከብት ነበር ወይስ ገንዘብ?

የድሮ ጀርመናዊ ቋንቋዎች ጥናቴ ሰሞኑን አንድ ቃል ላይ ቆሟል። የጥንት ጀርመናዊ ሕዝቦች ይጽፉበት የነበረው የሩን ፊደል የመጀመሪያ ሆሄ የሚጠራበት «ፌሁ» ነው። መማሪያዎቹ «ከብት፣ ሀብት» ብለው ያልፉታል። እኔን ግን ያቺ ነጠላ ሰረዝ ያዘችኝ።

የተለመደው ማብራሪያ፣ ድሮ ሀብት ማለት ከብት ስለነበር ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ገንዘብ ሄደ ይላል። በላቲንም «ፔኩስ» ከብት፣ «ፔኩኒያ» ገንዘብ ነው። «ፔኩስ» እና «ፌሁ» ዘመዳሞች ናቸው። ጀርመናዊ ቋንቋዎች ውስጥ የጥንቱ «ፕ» ወደ «ፍ»፣ «ክ» ወደ «ህ» ተለውጧል። ይህን ሕግ በ1822 በዝርዝር ያስቀመጠው ያዕቆብ ግሪም ነው፤ አዎ፣ ያው ተረት ሰብሳቢው!

ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ኤሚል ቤንቬኒስት ግን ነገሩን ገለበጠው። መነሻው ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው፣ ከብት የሚለው በኋላ የመጣ ነው አለ። መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። ከዚያ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳሱ ዉልፊላ ወደ ጎቲክ፣ ማለትም ዛሬ ወደጠፋው ጀርመናዊ ቋንቋ፣ የተረጎመውን ወንጌል ከፈትኩ። ሉቃስ 16፥14 ላይ «ገንዘብን የሚወዱ ፈሪሳውያን» የሚለው በጎቲክ «ፌሁፍሪካይ» ነው። ማርቆስ 5 ላይ የእሪያው መንጋ ሲመጣ ደግሞ ፌሁ የለም፤ ሌላ ቃል ነው የገባው። አንድ መጽሐፍ ብቻውን አይፈርድም፣ ግን እኔ ወደ ቤንቬኒስት አዘንብያለሁ።

ሌሎቹ ቋንቋዎች በየፊናቸው ሄደዋል። የዛሬው ጀርመንኛ «ፊ» እንስሳ ብቻ ነው። የጥንቱ የኖርዌይ የሩን ግጥም ደግሞ «ፌ» (ያው ፌሁ፣ እዚህ ሀብት) ዘመድን ከዘመድ ያጣላል ይላል። ያው የውርስ ጣጣ መሆን አለበት። ደስ ያለኝ የጥንቱ ኖርስ ቋንቋ «ፌላጊ» ነው፦ ፌውን ከሌላው ጋር አንድ ላይ ያኖረ ሰው፣ ማለትም ሸሪክ። የእንግሊዝኛው «ፌሎው» የመጣው ከዚህ ነው።

የእንግሊዝኛው «ካትል»ም መነሻው የላቲን «ካፒታሌ» ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ሲገባ ንብረት ማለት ነበር፤ ከብት የሆነው በኋላ ነው። ቤንቬኒስት ያለው መንገድ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ነው።

አሁን ወደ አይስላንድኛ እየገባሁ ነው። እዚያ «ፌ» ዛሬም በግም ገንዘብም ነው። ቋንቋውን የምትችሉ ካላችሁ፣ በወሬ መሃል የትኛው እንደተፈለገ በምን ትለያላችሁ?