የወደቀ ትምህርት ቤት ከየት ይነሣል?

ውጤቱ ዓመት ከዓመት ያሽቆለቆለ የከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት አዲስ ርዕሰ መምህር ሲመደብለት የመጀመሪያው ወር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ግድግዳው ይቀባል፣ ራእይና ተልእኮ በትልቁ ተጽፎ ይሰቀላል፣ ስትራቴጂክ ዕቅድ ይረቀቃል፣ መምህራን ለሁለት ቀን ሥልጠና ይሰበሰባሉ። ቀለም ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን ልጆቹ በቀን ስንት ደቂቃ በትክክል እንደሚማሩ፣ ማን ማን እንደሚቀርና ማን ማንበብ እንደማይችል ሳይታወቅ የሚወጣ ዕቅድ ግምት ነው። ከሦስቱም መቅደም ያለበት ደቂቃው ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሰዓትና ወረቀት ብቻ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከየክፍል ደረጃው 15 ክፍለ ጊዜ ምረጡ። ከእረፍት በኋላ ያለውንና የመጨረሻውን አትዝለሉ፤ ብክነቱ የሚበዛው እዚያ ነው። ደወሉ የተደወለበት፣ መምህሩ የገባበት፣ ትምህርቱ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት ይመዝገብ፤ ሌላ ምንም አይጻፍ። ከ40 ደቂቃው መጀመሪያ ላይ 8፣ መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ ቢባክን በቀን 6 ክፍለ ጊዜ ያለው ልጅ 78 ደቂቃ ያጣል። በ180 የትምህርት ቀናት ሲባዛ 234 ሰዓት ነው፤ በቀን 4 ሰዓት ለሚማር ልጅ ከ58 ቀን በላይ ማለት ነው። ይህን የሚያካክስ ሥልጠና የለም።

ጥፋቱን ሁሉ በመምህሩ ስንፍና ማሳበብ ይቀናናል። ስንፍናም አይጠፋም፤ የሚበዛው ብክነት ግን ከአሠራር የሚመጣ ነው። 60 ልጅ በየስሙ ሲጠራ ለአንዱ 5 ሰከንድ ቢወስድ 5 ደቂቃ አለቀ። የመቀመጫ ንድፍ ተዘጋጅቶ ባዶው ቦታ ብቻ ቢመዘገብ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ልጆች ቦታ እየተቀያየሩ እንዳያበላሹት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የክፍሉ አለቃ ይከታተል። ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ በተራራቁ ሕንፃዎች የተመደበለት መምህር ቢያረፍድ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው፤ ፕሮግራሙ እንደገና ይሠራ። የማይነገረው ደግሞ ቢሮው ራሱ የሚያባክነው ነው፦ በክፍለ ጊዜ መሃል ማስታወቂያ ይዞ መግባት፣ መምህርን ለስብሰባ መጥራት፣ ተማሪ መላክ። ይህን ሊያስቆም የሚችለው ርዕሰ መምህሩ ብቻ ነው፤ በጀትም አይጠይቅም።

ቀጥሎ ቀሪዎቹ። የትምህርት ቤቱ አማካይ ያታልላል። በየቀኑ 92 በመቶው ተገኝቷል የሚል ሪፖርት ብዙ ልጆች በተደጋጋሚ የሚቀሩበትን ትምህርት ቤት ሊሸፍን ይችላል። የሚበጀው የእያንዳንዱን ልጅ መቁጠር ነው። ከትምህርት ቀናቱ 10 በመቶውን ያጣ ልጅ በብዙ አገር አሳሳቢ ቀሪ ይባላል፤ በ180 ቀን 18 ቀን፣ ማለትም በወር ሁለት ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ዓመቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ በአንድ ወር ሁለት ቀን የቀረ ሁሉ ስሙ ዓርብ ዓርብ በሚወጣው ዝርዝር ላይ ይግባ። ወደ ቤት የሚደውለውም ልጁን በስም የሚያውቀው የክፍል ኃላፊ መምህር ይሁን፤ የመጀመሪያው ቃሉም «ደህና ነው ወይ?» ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያ አይሁን።

ዝርዝሩ በደንብ ከታየ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል። አንደኛውን ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚያጡ ከሆነ ነገሩ የመንገድ ወይም የቤት ውስጥ ሥራ ጫና ነው። ከአንድ ትምህርት ብቻ የሚጠፉ ከሆነ እዚያ ክፍል ምን እንዳለ ገብቶ ማየት ነው። ትልልቅ ሴት ልጆች በየወሩ ጥቂት ቀን ከቀሩ መጀመሪያ የመጸዳጃ ቤቱን በርና ውኃ ፈትሹ፤ ምክር አገልግሎት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ከባዱ ማንበብ ነው። ሰባተኛ ክፍል ደርሶ አንቀጽ አንብቦ የማይረዳ ልጅ በሳይንስም በሒሳብም ይወድቃል፤ ውጤቱ ግን «ሳይንስ ደካማ» ብሎ ይመዘግበዋል። ስለዚህ ሁሉም ልጅ ለየብቻው ይፈተን፦ ፊደል፣ ቃል፣ አጭር አንቀጽ፣ አጭር ታሪክ። ለአንድ ልጅ 3 ደቂቃ ይበቃል። 600 ልጆችን 20 መምህራን ቢከፋፈሏቸው ለእያንዳንዳቸው 30 ይደርሳል፤ 90 ደቂቃ ነው። በደቂቃ ስንት ቃል ይነበብ የሚለውን ልኬት ከሌላ ቋንቋ አትቅዱ፤ የቃላት ርዝመት ከቋንቋ ቋንቋ ይለያያል።

ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ሰዓት ልጆቹ በክፍላቸው ሳይሆን በደረሱበት ደረጃ ይመደባሉ። ፕራታም የተባለው የሕንድ የትምህርት ድርጅት ይህን ዘዴ ለረጅም ጊዜ ሠርቶበታል፣ በጥናትም ተፈትኗል። በሀርያና ግዛት ከትምህርት ቀኑ አንድ ሰዓት ለዚህ ብቻ ሲለይ ልጆቹ በቋንቋ ተሻሻሉ። በቢሃር ግዛት ሥልጠናና መጻሕፍት ብቻ ተሰጥቶ ሰዓቱ ባልተለየበት ግን ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሰዓቱ በፕሮግራም ላይ ካልተጻፈ መምህሩ ወደ መማሪያ መጽሐፉ መመለሱ አይቀርም፤ የሚጠየቀው ምዕራፍ በመጨረሱ ነውና። ሌላው የሚበላሽበት ምክንያት ጎበዙን መምህር ለጎበዞቹ መስጠት ነው፤ ታችኛው ቡድን የሚገባው እሱ ነው። በየስድስት ሳምንቱ እንደገና ፈትናችሁ ካላሸጋገራችሁ ቡድኑ መለያ ስም ሆኖ ይቀራል።

ስለ መምህራን ሳይነሣ አይቀርም። አንዳንዱ አለቃ ግማሹን አባርሮ እንደ አዲስ መጀመር ያምረዋል። አሜሪካ ሞክራዋለች፦ እ.ኤ.አ. ከ2009 በኋላ ለደካማ ትምህርት ቤቶች በተመደበው የቢሊዮኖች ዶላር ድጎማ ከቀረቡት አራት አማራጮች አንዱ ርዕሰ መምህሩንና ቢያንስ ግማሹን ሠራተኛ መቀየር ነበር። በ2017 የወጣው የመንግሥት ግምገማ አራቱንም አማራጮች የያዘው ፕሮግራም በፈተናም ሆነ በምረቃ ላይ ጉልህ ለውጥ እንዳላመጣ አሳየ። ከዚህ የሚሻለው በሳምንት አንድ ጊዜ የ15 ደቂቃ ምልከታ ነው። በዚያው ቀን አንድ ነጥብ ብቻ ይነገር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ነጥብ ይታይ። ምልከታው የዓመት ምዘና ነጥብ ከሆነ ግን መምህሩ ለእናንተ የተለማመደውን ትምህርት ብቻ ታያላችሁ።

የበላይ አካል በመጀመሪያው ዓመት የማጠቃለያ ፈተና ውጤት ይጠይቃል። እሱን ለማስደሰት ጠንካራ መምህራንን ሁሉ ወደ ፈተና ክፍል መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ዋጋውን ከሁለት ዓመት በኋላ የሚከፍሉት ታችኞቹ ክፍሎች ናቸው። በምትኩ በየወሩ ሦስት ቁጥር ይዛችሁ ቅረቡ፦ በአንድ ክፍለ ጊዜ በትክክል የተማሩት ደቂቃ፣ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀሩ ልጆች ብዛት፣ በየንባብ ደረጃው ያሉ ልጆች ብዛት። የዓርቡን ዝርዝር የሚያወጣውም ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ምክትሉ ይሁን፤ ርዕሰ መምህር ይዛወራል፣ አንድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ዝርዝርም አብሮት ይሄዳል።