«አይዞሽ»ን ለራሴ ማለት እንዴት ተማርኩ

በኅዳር 2015 ዓ.ም. በቁጠባና ብድር ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የዓመቱን የሒሳብ ሪፖርት እንዳቀርብ ስሜ ተጠራ። ሪፖርቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ፤ የትኛው ቁጥር የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችሁ ነበር። መድረኩ ላይ ወጥቼ «የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት» ካልኩ በኋላ ግን ጉሮሮዬ ተዘጋ። ወረቀቱ በእጄ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ማጉያው ትንፋሼን ለአዳራሹ ሁሉ ያሰማል። ሁለት መቶ የሚጠጋ ሰው ዝም ብሎ ያየኛል። ሊቀመንበሩ ቀስ ብለው መጥተው ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና «ትንሽ አሟት ነው» ብለው ራሳቸው አነበቡት። ያደረጉት በደግነት ነው። ቤቴ ገብቼ ያለቀስኩት ግን በዚያ ደግነት ነበር። ስድስት ሳምንት የደከምኩበትን ሥራ በሌላ ሰው አፍ ስሰማው የእኔ አልመስል አለኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ምክር ሰጠችኝ። «ጠዋትና ማታ መስታወት ፊት ቆመሽ ‹እኔ ደፋር ነኝ፤ ምንም አያስፈራኝም› በዪ። ሃያ ጊዜ። ጮክ ብለሽ» አለችኝ። ሃያ የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ኤሚል ኩዌ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ያረፈ ፈረንሳዊ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ናንሲ በምትባለው ከተማ ወደ እርሱ የሚመጡትን ሕሙማን ከቀን ወደ ቀን በሁሉም ነገር እየተሻላቸው እንደሚሄድ በአፋቸው እንዲናገሩ ያስተምራቸው ነበር፤ ጠዋት ሃያ፣ ማታ ሃያ ጊዜ፣ ሃያ ቋጠሮ ባለው ገመድ እየቆጠሩ። ይህን ሳነብ የአያቴ መቁጠሪያ ትዝ አለኝ። ቃል በጣት እየተቆጠረ ሲደገም ልብን እንደሚያሳርፍ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ።

ነገር ግን ጮክ ብሎ መናገሩ ራሱ አስቸገረኝ። የምኖረው አምስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ነው፤ በግድግዳው በኩል የጎረቤት ሳል ይሰማል። በእኛ አገር ብቻውን የሚያወራ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ስለዚህ ቡና ስወቅጥ ማለት ጀመርኩ። ሙቀጫው ሲጮህ እኔም እጮሃለሁ፤ ዘነዘናው ሲቆም እኔም እቆማለሁ።

ሁለት ወር እንዲህ አደረግኩ፤ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። «ደፋር ነኝ» ባልኩ ቁጥር ከውስጤ «ኅዳር ላይ የት ነበርሽ?» የሚል መልስ ይመጣል። ሃያ ጊዜ ስናገር ሃያ ጊዜ ይመልስልኛል። በቀን አርባ ጊዜ ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ አርባ ጊዜ እረታ ነበር። በኋላ ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን ፈልጌ ሳነብ፣ ይህ የእኔ ብቻ ድክመት እንዳልሆነ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆአን ዉድ ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ስለ ራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት ያላቸው ሰዎች «ተወዳጅ ሰው ነኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደጋግመው ሲሉ ስሜታቸው ይባስ ወርዶ ተገኝቷል። የተጠቀሙት ቀድሞውንም ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ናቸው፤ ያውም በጥቂቱ። መድኃኒቱን ከሁሉ በላይ የሚፈልገውን ሰው ነው የጎዳው። ይህን ሳይናገሩ «ዝም ብለሽ ድገሚው» የሚሉ መካሪዎችን ዛሬም እቃወማቸዋለሁ።

መንገዱን ያቃናችልኝ ደብረ ማርቆስ ያለችው አክስቴ ናት። ስልክ ደውላ የሆነውን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «አይዞሽ ልጄ። አንቺ እኮ በአሥራ ሰባት ዓመትሽ ብቻሽን አዲስ አበባ ገብተሽ ተምረሽ የወጣሽ ልጅ ነሽ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያላገኘሁትን በአንድ ትንፋሽ ሰጠችኝ፤ ምን የተለየ ነገር አለች?

ያን ሌሊት ሳስበው ሁለት ነገር አስተዋልኩ። አንደኛው «አይዞሽ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል የሚነገረው ለሌላ ሰው ነው፤ ለሰው ሲሉት አጠገቡ ሆነው ነው። እኔ ግን መስታወቱ ፊት ብቻዬን «እኔ፣ እኔ» ስል ከርሜያለሁ። ሁለተኛው፣ አክስቴ ደፋር ነሽ አላለችኝም፤ ያደረግኩትን ነገረችኝ። ውስጤ ያለው ተከራካሪ ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ የሆነ ነገር ነውና።

ከዚያ የወንድ አያቴ ፉከራ ትዝ አለኝ። በሠርግ ላይ ዱላቸውን ጨብጠው «ዘራፍ!» ብለው ሲነሡ የሚቆጥሩት የእገሌ ልጅ መሆናቸውን፣ የት ውለው ምን እንደሠሩ ነበር። በፈረስ ስም መጠራትም እንዲሁ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር፤ ጀግና ራሱን እንደ ሌላ ሰው በስም ጠርቶ የሚያነሣበት ወግ ከጥንትም አለን። በዘመናችን ያሉ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር ፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ እንዳሳተሙት፣ በሰው ፊት ንግግር ከማድረጋቸው በፊት ለራሳቸው በስማቸው የተናገሩ ሰዎች «እኔ» እያሉ ከተናገሩት ይልቅ ጭንቀታቸው ቀለል፣ ንግግራቸውም የተሻለ ሆኗል።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሮቼን ለወጥኩ። አንድ ትንሽ ደብተር ገዛሁና ማታ ማታ በዚያ ቀን ያደረግኩትን አንድ ነገር መጻፍ ያዝኩ። ጠዋት ቡናዬን እየወቀጥኩ ራሴን እንደ ሌላ ሰው በስሜ ጠርቼ አነብላታለሁ፦ «ትናንት በስብሰባው ላይ እጅሽን አውጥተሽ አንድ ጥያቄ ጠየቅሽ። ዛሬ ደግሞ ስምሽ እስኪጠራ ሳትጠብቂ ትናገሪያለሽ።» መጀመሪያ ያለፈ፣ ቀጥሎ የዛሬ። አንዳንድ ቀን የምጽፈው ጠፍቶ «ለታክሲ ረዳቱ መልሴን እንዲሰጠኝ በግልጽ ነገርሽው» የሚል ብቻ ጽፌያለሁ። እርሱም ይበቃ ነበር። ሃያ ጊዜ መድገሙን ተውኩት፤ አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ማለት ይሻላል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከዚህ መንገድ ወጣሁና ተቀጣሁ። በመጋቢት በምሠራበት መሥሪያ ቤት የደረጃ ዕድገት ማስታወቂያ ወጣ። ሦስት ሳምንት «ቦታው የአንቺ ነው» ስላት ከረምኩ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። የሚወስነው ኮሚቴ ሆኖ ሳለ ለራሴ ቃል የገባሁት እኔ ነበርኩ፤ ቃሉ ሲፈርስ በደብተሩ ላይ ያለኝ እምነት አብሮ ፈረሰና ለአሥር ቀን ያህል አልከፈትኩትም። ስመለስ ያወጣሁት ሕግ ይህ ነው፦ በእጄ ያለውን ብቻ መናገር። «ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት የሠራሻቸውን ሥራዎች በምሳሌ ታስረጃለሽ» ማለት እችላለሁ፤ «ትመረጫለሽ» ማለት አልችልም።

ከነሐሴ ጀምሮ ሪፖርቱን ጮክ ብሎ ማንበብ ተጨመረበት። ቁጥር በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው፤ «አሥራ አራት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሰባ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አርባ ብር» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ለማውጣት ግን ምላስ መልመድ አለበት። ድምፄን በስልኬ እየቀዳሁ አዳመጥኩት። መጀመሪያ የማላውቀው ሰው ድምፅ መሰለኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ለመድኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ለራሴ ከተናገርኳቸው የማበረታቻ ቃላት ሁሉ ይህ ልምምድ ሳይበልጥ አይቀርም። ነገር ግን ያለ ቃላቱ ልምምዱን ባልጀመርኩት ነበር።

የመጨረሻው ዝግጅት «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» የሚለው ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 በጻፈው እንዳሳየው፣ ግብን ብቻ ከማሰብ ይልቅ መቼና እንዴት እንደሚፈጸም አስቀድሞ መወሰን ሰውን ወደ ተግባር ያደርሳል። እኔም ፍርሃቴን «አትመጣም» ማለቱን ትቼ ሲመጣ የማደርገውን ወሰንኩ፦ «ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ውኃ ትጎነጫለሽ፤ የመጨረሻውን ቁጥር ደግመሽ ታነቢያለሽ።»

የኅዳር 2016 ጉባኤ ደረሰ። ድምፄ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተንቀጠቀጠ። ውኃ ተጎነጨሁ፤ ቁጥሩን ደገምኩት፤ ማንም ያስተዋለ አልመሰለኝም። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ አዛውንት አባል ተነሥተው «ልጄ፣ ይህ የአጠራጣሪ ብድር መጠባበቂያ የምትይው ገንዘብ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?» ብለው ጠየቁኝ። ወረቀቴ ላይ ያልነበረ ጥያቄ ነው። «አባቴ፣ ከካዝና አልወጣም። ያበደርነው ሳይመለስ ቢቀር ብለን ከትርፉ ላይ ለይተን የያዝነው ነው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ።

ማታ አክስቴ ደወለች። «ራስሽ ነሽ ያነበብሽው?» አለችኝ። «ራሴ ነኝ፤ እስከ መጨረሻው» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ደብተሬን አወጣሁና ለጠዋት ጻፍኩላት፦ «ወረቀት ላይ ያልነበረውን ጥያቄ ቆመሽ መለስሽ።»