ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስቱዲዮ ውስጥ ማን አለ?

በአገራችን ስለ መገናኛ ብዙኃን ፖሊሲ ሲነሣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚያጠነጥነው አንድ ጣቢያ ምን መናገር የለበትም በሚለው ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185 ሲወጣም፣ በቀጣዩ ዓመት የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ሲጸድቅም የሰማነው ሙግት ስለ ነፃነትና ስለ ገደብ ነበር። ሙግቱ ተገቢ ነበር፣ ዛሬም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሌላውን ጥያቄ ሸፍኖታል፤ አደጋ በደረሰ ጊዜ የአካባቢው ጣቢያ በደቂቃዎች ውስጥ የመናገር ምን ግዴታ አለበት፣ ግዴታውን የሚወጣበትስ ምን አቅም አለው?

የምኖረው ሀዋሳ ነው። ከተማችን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ መውጫ በሌለው ሐይቅ ዳር የተቀመጠች መሆኗን በየዕለቱ ባናስበውም፣ መሬቱ አልፎ አልፎ ያስታውሰናል። በጥር 2008 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በመጠኑ መካከለኛ እንኳ የሚባል አልነበረም፤ ሆኖም በርካታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጎድተዋል፣ ጉዳቱም በአመዛኙ የመጣው ሕንጻ ተደርምሶ ሳይሆን በድንጋጤ ከተፈጠረው መሯሯጥና መዝለል ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የነበረው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ሲሰማ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ይደገማል» የሚሉ ወሬዎች ተዛምተው ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥን ሰዓት ቆርጦ መተንበይ የሚችል ሳይንስ እስካሁን የለም። ፕሮፌሰር አታላይ አየለን የመሳሰሉ የዘርፉ ምሁራን ይህንኑ በየመገናኛ ብዙኃኑ እየቀረቡ ሲያስረዱ ሰምተናል፤ ማብራሪያው ግን ሁልጊዜ ከወሬው ዘግይቶ ይደርስ ነበር። በእነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ሕዝቡ የሚያምነው፣ በስም የሚያውቀው፣ ከዚያው ከተማ የሚናገር ድምፅ ያስፈልገዋል።

ስልክ እያለ ሬዲዮ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። አጭር መልእክት ለእያንዳንዱ ቁጥር ተራ በተራ ስለሚላክ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ዘመዱ ጋ በሚደውልበት ሰዓት ኔትወርኩ ይጨናነቃል፤ መልእክቱም አደጋው ካለፈ በኋላ ሊደርስ ይችላል። በአንድ ማማ ሥር ላሉ ስልኮች ሁሉ ማስጠንቀቂያን በአንድ ጊዜ የሚለቅ ቴክኖሎጂ አለ፣ በብዙ አገሮችም ይሠራበታል። እሱም ቢሆን ሰውን ቀስቅሶ «ተጠንቀቅ» ከማለት ብዙም አያልፍም። የትኛው መንገድ ተዘግቷል፣ የትኛው ጤና ጣቢያ ክፍት ነው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ምን ሆነ የሚለውን እየተከታተለ የሚነግር ሰው የግድ ያስፈልጋል። የኤፍ ኤም ማሠራጫ ደግሞ አሥር ሰው ሰማው፣ መቶ ሺህ ሰው ሰማው አይጨናነቅም። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፤ የባጃጁ ሬዲዮ ግን ይሠራል፣ የጆሮ ማዳመጫውን እንደ አንቴና የሚጠቀመው ባለቁልፍ ስልክም ይሠራል።

ማሠራጫው ስላለ ብቻ ግን ማስጠንቀቂያው ይደርሳል ማለት አይደለም። በዚህ ረገድ ደጋግሜ የማነሣው በአሜሪካ ኖርዝ ዳኮታ ግዛት በምትገኘው በማይኖት ከተማ የሆነውን ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 2002 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ የጭነት ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ አሞኒያ የተባለውን መርዛማ ጋዝ በከተማዋ ዳርቻ ለቀቀ። የከተማዋ ስድስት የንግድ ሬዲዮ ጣቢያዎች የአንድ ኩባንያ ነበሩ፤ በዚያ ሰዓት የሚያሰሙትም በአብዛኛው ከሌላ ቦታ የሚመጣ፣ ቀድሞ የተዘጋጀ ፕሮግራም ነበር። ፖሊስ ለማስጠንቀቂያ ወደተመደበው ጣቢያ ለመድረስ ቢሞክርም አልተሳካለትም። ኩባንያው በበኩሉ ጥፋቱ የማስጠንቀቂያ መሣሪያውን በአግባቡ ያልተጠቀሙት የከተማው ኃላፊዎች ነው ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩም ለዓመታት ዘለቀ። አንድ ሰው ሞቷል፣ ብዙዎች ተጎድተዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከሁለቱ ወገኖች ማን ትክክል ነበር የሚለው አይደለም፤ የመሣሪያው አጠቃቀምና የስልክ ቁጥሩ አስቀድሞ በሁለቱም ወገን ተፈትሾ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ራሱ ባልተነሣ ነበር። በእኛ ከተማ ዋና መንገድ ላይም ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች ሌሊትም ይመላለሳሉ። ከእነርሱ አንዱ ቢገለበጥ ከየጣቢያው ስልኩን የሚያነሣው ማን ነው? ተረኛው ቴክኒሻን ነው፣ ጥበቃው ነው፣ ወይስ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ሥርጭት ብቻውን የሚያስተላልፍ ኮምፒውተር?

ወደ ራሳችን ሐዘን ስንመለስ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡና ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ነበሩ። በደቂቃ የሚደርስ የአካባቢ ሥርጭት እነዚያን ሰዎች ያድን ነበር ብዬ በድፍረት አልናገርም፤ ወገኑ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ሬዲዮ ስላዘዘው ብቻ ወደ ኋላ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም በከባድ ዝናብ የራሰ ተዳፋት ሁለተኛ ጊዜ ሊንሸራተት እንደሚችል በየክረምቱ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ ሲነገረው የኖረ ማኅበረሰብ፣ ነገሩን በዚያች ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚሰማ ማኅበረሰብ ጋር አንድ አይሆንም። የአካባቢ ጣቢያ ትልቁ ሥራም በአደጋው ሰዓት ከሚናገረው ይልቅ ቀድሞ ለወራት የሚናገረው ይመስለኛል።

የፖሊሲው ችግር ኃላፊነቱ በየበሩ መበተኑ ነው። የጣቢያውን ፈቃድ የሚሰጠው የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው፤ የቴሌኮም ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የዝናቡን ትንበያ የሚያወጣው የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ አደጋውን የሚያስተባብረው የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። የክልልና የከተማ መዋቅሮች ሲጨመሩበት ሰንሰለቱ ይረዝማል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. እስከ 2027 ድረስ እያንዳንዱን የዓለም ሕዝብ በቅድመ ማስጠንቀቂያ ለመሸፈን በያዘው ውጥን ኢትዮጵያ ቅድሚያ ከተሰጣቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ውጥኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን መረጃው ከላይ ወደ ታች ወርዶ የመጨረሻውን ሜትር ተሻግሮ ጆሮ ውስጥ የሚገባው በአካባቢው ጋዜጠኛ አፍ ነው፣ እሱም ስብሰባው ላይ የሚጠራው ለዘገባ እንጂ ለምክክር አይደለም።

ቋንቋውም ቢሆን ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሀዋሳ ውስጥ ሲዳሙ አፎ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ኦሮምኛ በአንድ ሠፈር ይነገራሉ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞችም ብዙዎቹ ከገጠር ወረዳዎች የመጡ ወጣቶች ናቸው። አደጋ ከደረሰ በኋላ አስተርጓሚ መፈለግ ጊዜ ማባከን ስለሆነ፣ ለጎርፍ፣ ለእሳት፣ ለመንቀጥቀጥና ለወረርሽኝ የሚሆኑ አጫጭር ጽሑፎች በየቋንቋው ተዘጋጅተው፣ ቦታና ሰዓት ብቻ እንዲሞላባቸው ሆነው ስቱዲዮ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። የአነጋገሩም ቅላጼ ሊታሰብበት ይገባል። የጃፓኑ የሕዝብ ማሠራጫ ኤን ኤች ኬ እ.ኤ.አ. ከ2011ዱ ሱናሚ በኋላ ረጋ ያለውን የዜና አነባበብ ለአደጋ ጊዜ የማይሆን ሆኖ ስላገኘው ለወጠው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በዚያው አገር በኖቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ዜና አንባቢዋ ሕዝቡ አሁኑኑ እንዲሸሽ ስትጮኽ ዓለም ሰምቷታል። የእኛ አስቸኳይ መግለጫዎች «ከላይ በተጠቀሰው አግባብ» እያሉ ሲነበቡ ግን (ጸሐፊዎቹ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ) ውኃው ደጃፍ ላይ መድረሱን ማን ይረዳል?

ጋዜጠኛው ደግሞ ፍርሃት አለበት፣ ፍርሃቱም መሠረት የለሽ አይደለም። ማስጠንቀቂያ ነግሮ አደጋው ቢቀርስ? አዋጅ 1185 ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ሐሰትነቱን የሚያውቅ ወይም ማወቅ ይገባው የነበረ ሰው ያሰራጨውን፣ ሁከትና ግጭት የማስነሣት ዕድሉም ከፍተኛ የሆነውን ነው፤ እውነትነቱን ለማጣራት ተገቢ ጥረት ያደረገንም ሰው ነፃ ያደርጋል። ነገር ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተገቢ ጥረት ማለት ምን ማለት ነው? ከእሳትና ድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት ተረኛ ኃላፊ አንድ ስልክ መቀበል ይበቃል? ይህ በመመሪያ ካልተጻፈ፣ ማንኛውም አስተዋይ ዋና አዘጋጅ እስኪነጋ መጠበቅን ይመርጣል። በተሳሳተ ጊዜም የእርማት ሥርዓት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በሃዋይ በስህተት የተለቀቀው የሚሳይል ማስጠንቀቂያ በይፋ እስኪታረም 38 ደቂቃ ፈጅቷል፤ ስህተቱን መሻሪያ መልእክት ቀድሞ አልተዘጋጀም ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የሌሊት ተረኛ፣ የጄኔሬተር ናፍጣና አንድ ቀጥታ የስልክ መስመር ከጣቢያው የማስታወቂያ ገቢ ብቻ ይሸፈኑ ማለት ትርፍ የሌላቸውን የማኅበረሰብ ሬዲዮዎች ማስጨነቅ ነው። ከተማ አስተዳደሩ ከአደጋ መከላከያ በጀቱ ቢመድብላቸው፣ ባለሥልጣኑም ፈቃድ ሲያድስ ይህን አገልግሎት ለሚሰጡት ክፍያ ቢቀንስ ፍትሐዊ ይመስለኛል። በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ግን ወጪ የሌለው አንድ ሥራ መጀመር ይቻላል፤ በአንዱ የበጋ ሌሊት፣ ቀኑ ለጣቢያዎቹ ሳይነገር፣ ከእሳትና ድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት የሙከራ ስልክ ተደውሎ «ይህ ሙከራ ነው» የሚለው ቃል አየር ላይ እስኪውል ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በየጣቢያው ይመዝገብ፣ ውጤቱም ለከተማው ነዋሪ ይነገር።