አባዬ አንገት ላይ የተሰማሩት በጎች

ደሴ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ሰው መጥቶ «ምን ልልበስ?» ካለኝ መልሱን እንደ ዳዊት ነው የምደግመው። ቀጫጭን መስመር ወይም ደቃቅ ዳማ ያለበት ሸሚዝ ይቅር። የጨርቁ መስመርና የካሜራው ነጠብጣቦች ሲጋጩ ውሃ ላይ እንደ ፈሰሰ ናፍጣ የሚዥጎረጎር ነገር ያወጣሉ፤ እሱን ማጥፋት ደግሞ አሳር ነው። ነጭ በነጭ የለበሰን ሰው ካሜራው በራሱ ከለካው «ብርሃን በዛ» ይልና ይቀንሳል፣ ፊት ይጠቁራል። በጥቁር ጋዋን ተቃራኒው ነው፣ ብርሃን ይጨምርና ፊት ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ስለዚህ ለነጩ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ፣ እጨምራለሁ፣ ለጥቁሩ ትንሽ እቀንሳለሁ።

ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ሰው የገዛ ቤተሰቡን ምን እንዳስለበሰ ስሙኝማ።

እህቴ ሐምሌ ላይ ተመረቀች። ቤተሰቦቼ ኮምቦልቻ ናቸው። ከፎቶው በፊት በነበረው ማታ እማዬ ስትደውል እራት እየበላሁ ነበር።

«ልጄ፣ ምን ለብሰን እንምጣ?»

«የሚያብለጨልጭ ይቅር፣ ፍላሹን መልሶ ይተፋዋል። ደረቱ ላይ ጽሑፍ ያለበትም ይቅር፣ ሰው ፊታችሁን ትቶ ጽሑፉን ነው የሚያነበው። ልብሱን ለብሳችሁ ሚኒባስ እንዳትገቡ፣ በመስቀያ ይዛችሁት ኑና እዚህ ቀይሩ። ላስቲኩ የሚያጠብቅ ካልሲና የእጅ ሰዓት ከግማሽ ሰዓት በፊት ይውለቅ፣ ቆዳ ላይ ምልክቱ ይቀራል።»

«እሺ፣ ቀለሙስ?»

ያሰብኩት ጦሳ ተራራ ሥር፣ ግራጫው ድንጋይ አጠገብ ላነሳቸው ነበር። «ቀለማችሁ ይቀራረብ። አረንጓዴ ነገር ጣል አድርጉበት» አልኩና ጎረስኩ።

ጠዋት ጉሙ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ ወርዷል። ጦሳ የለም። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ወደ 600 ሜትር ከፍታ ይጨምራሉ፤ እህቴ ግን ለኮምቦልቻ ሙቀት የተሰፋ እጅጌ አልባ ቀሚስ ለብሳ መጥታ ክንዷ እንደ ተላጨ ዶሮ ሆኗል። (ይሄን ፎቶሾፕ በቀላሉ አይፈታውም። ትኩስ ሻይና አሥር ደቂቃ ምድጃ ዳር ይፈታዋል።) ጋዋኑን ደረበችና ተገላገልን።

ወደ ውስጥ ገባን። ከሰው ኋላ የምሰቅለው ግራጫው ወረቀት በዚያው ሳምንት ጣራው አፍስሶበት ተጨማዷል። የቀረው አረንጓዴው ጨርቅ ብቻ ነው። «አብሽሩ» አልኳቸው፣ «ጥቅምት ላይ ያነሳሁት የጦሳ ፎቶ አለ፣ ከኋላችሁ አስገባዋለሁ።» እነሱ ከመጋረጃ ጀርባ ልብስ ሲቀይሩ እኔ በሜትር እለካለሁ። ከጨርቁ ሁለት ሜትር ካልራቁ አረንጓዴው አገጭና ትከሻ ላይ ያንጸባርቃል፤ በዚህ ጥንቃቄዬ ሰው ሁሉ ሲበላሽበት እኔ አይበላሽብኝም።

ወጡ። እማዬ ሰፊ አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚስ፣ አባዬ አዲስ አረንጓዴ ከረባት፣ ታናሽ ወንድሜ ከአንገት እስከ ወገብ አረንጓዴ ሹራብ። ቃሌን አክብረው ገበያ ወጥተው የገዙት ነው። «ደስ ስትሉ!» አልኩ። 23 ጊዜ አነሳኋቸው።

ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴውን መርጬ አጥፋ አልኩት። ፕሮግራሙ ሹራብንና ከኋላ የተሰቀለውን ጨርቅ አይለይም፤ የታዘዘውን ቀለም ያገኘበት ሁሉ ይበሳል። ወንድሜ አንድ ጭንቅላትና ሁለት እጅ ሆኖ ገደሉ ላይ ተንሳፈፈ። የእማዬ ደረት ወንፊት ሆነ። ሙሉ ሰው ሆና የተረፈችው ባለ ጥቁር ጋዋኗ እህቴ ብቻ ናት። የጥቅምቱ ፎቶ ላይ ደግሞ መንጋ ነበረበት።

አባዬ መነጽሩን አድርጎ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፣ ዝም ብሎ አየ፣ ከዚያ አንገቱን በእጁ ዳበሰ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ በግ ነው የማየው?»

ሦስት ናቸው። ከሸሚዙ ኮሌታ ሥር ጀምረው በከረባቱ ቅርጽ ቁልቁል ተሰልፈው ሣር ይግጣሉ።

ላድነው ሞከርኩ። የሚጠፋውን ቀለም ጠበብ ሳደርገው ሹራቡ ግማሹ ይመለሳል፣ ግን ፀጉራቸው ዙሪያ አረንጓዴ ክር ይቀራል። በእጅ ልከርክም ብል አራት ሰው፣ ያውም የእማዬ ሹሩባ፣ ሌሊቱንም አይበቃኝም። በመጨረሻ የዘበኛችንን ግራጫ ብርድ ልብስ ለመንኩ፣ ተኩሼ ሰቀልኩት። ቤተሰቡን በአንድ ረድፍ ከብርድ ልብሱ ሁለት ሜትር አራቅኳቸው፤ የሌንሱን ቀዳዳ 5.6 ላይ ሳደርገው አራቱም ፊት ጠራ፣ የብርድ ልብሱ ፀጉር ደብዝዞ ውድ ዳራ መሰለ። አረንጓዴው ግራጫ ላይ እንዴት እንደሚያምር አልነግራችሁም።

ሁለቱንም ለእማዬ አሳየኋት። «የትኛውን ልጠብልሽ?»

«የብርድ ልብሱን ለእህትህ ስጣት» አለች። «ለሳሎኔ ግን የበጎቹን፣ 30 በ40 አድርገህ።»