ከስቲከር መስኮት ወደ ክሌይም ክፍል፦ ድሬዳዋ ላይ በኢንሹራንስ ሥራ ለምታድግ ሴት

በብዙ ቅርንጫፎች አዲስ የተቀጠረች ሴት መጀመሪያ የምትቀመጠው የሦስተኛ ወገን (ተሽከርካሪ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ መድን) መስኮት ላይ ነው። ስቲከር ትሰጣለች፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ ቦሎ የደረሰበትን ባለባጃጅ ታስተናግዳለች። ሥራው ክብር አለው፤ ግን ተመኑ ተቆርጦ የመጣ ስለሆነ ውሳኔ የለበትም። የዕድገት ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ የሚፈለገው ውሳኔ የሰጠ ሰው ነው። ጎበዝ ናት፣ ደንበኛ ይወዳታል እየተባለች ዓመታት እዚያው የምትቀር ሴት ያጣችው ችሎታ ሳይሆን ራሷ የወሰነችበት ፋይል ነው።

ውሳኔ ያለው ውል መስጫው (አንደርራይቲንግ) እና ካሳው (ክሌይም) ዘንድ ነው። ከሁለቱ ክሌይም ይቅደም። ውል የት ላይ እንደሚላላ የሚታየው ካሳ ሲጠየቅ ስለሆነ፣ ከክሌይም ወደ አንደርራይቲንግ የሄደች ሴት ሌላው የማያየውን ታያለች። ዝውውሩን በቃል አትጠይቁ። በጽሑፍ፣ ለሥራ አስኪያጁ፣ ግልባጭ ለሰው ሀብት ይሁን። የሚመጣው መልስ ይታወቃል፦ «ጋራዥ ለሴት አይመችም፤ ደንገጎ ላይ መኪና ሲገለበጥ በሌሊት ማን ይወጣል?» አቦ፣ በሌሊት ማንም አይወጣም። ጉዳቱን ብዙ ጊዜ ሰርቬየሩ በቀን ይመረምራል፤ የክሌይም ባለሙያዋ ዋና ሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ወረቀት ነው። ያም ሆኖ አብራችሁ ውጡ። የተጎዳ መኪና አይታ የማታውቅ ባለሙያ የጋራዥ ፕሮፎርማ ላይ መከራከር አትችልም።

የሞተር (የተሽከርካሪ) ካሳ ፋይል ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ቀን ነው። ውሉ የጀመረበት፣ አደጋው የደረሰበትና ደንበኛው ያስታወቀበት ቀን። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል ዛሬም ይሠራል፤ መድን ገቢው አደጋውን እንዳወቀ፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል። ቀጥሎ ሹፌሩ፦ መንጃ ፈቃዱ ለዚያ ተሽከርካሪ ይበቃል ወይ፣ ጊዜው አላለፈም ወይ። ከዚያ አገልግሎቱ። በኮድ 2 ለግል ተብሎ የተመዘገበ መኪና በክፍያ ሰው ሲያመላልስ ከተገኘ፣ ወይም ከአወዳይ ጫት የሚጭን አይሱዙ ከተፈቀደለት በላይ ጭኖ ከተገለበጠ፣ ካሳው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ይህንን የሚያሳየው ደግሞ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ነው። የደንበኛውን ቅጽ ከሪፖርቱ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ፤ ሰዓቱና የተሳፋሪው ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

አሁን ከሁሉ በላይ ጠብ የሚያስነሳው የመድኑ መጠን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ ሲወጣ፣ ብዙ ውል በአሮጌው ዋጋ ታደሰ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ አደጋው በደረሰ ጊዜ መኪናው 2,000,000 ብር ያወጣል፣ መድን የተገባለት በ1,200,000 ነው፣ ጥገናው 300,000 ይፈጃል። የተሸፈነው 60 በመቶ ስለሆነ ድርጅቱ 180,000 ብር ይይዛል፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ኤክሰስ (ደንበኛው ራሱ የሚችለው ድርሻ) ይቀነሳል። ቀሪው የባለመኪናው ዕዳ ነው። ደንበኛው ይህን የሚሰማው አደጋ ከደረሰ በኋላ ከሆነ ተታለልኩ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ዕድሳት ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት ደውሉ፣ የወቅቱን ዋጋ ጠይቁ፣ አልጨምርም ካለ እምቢታውን በፊርማው ያዙት። ያ አንድ ወረቀት ስንት ክስ ያስቀራል።

ቅርንጫፍ በራሱ የሚወስነው እስከተወሰነ ብር ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የውሳኔ ሐሳብ ተጽፎለት አዲስ አበባ ይላካል። የዕድገት በር ይህ ማስታወሻ ነው ብንል አላጋነንም፤ ዋናው መሥሪያ ቤት የድሬዳዋን ሠራተኛ የሚያውቃት በመልኳ ሳይሆን በጽሑፏ ነውና። ከሁለት ገጽ አይብለጥ፦ የውሉ ዝርዝር፣ የሆነው ነገር፣ ከውሉ የትኛው አንቀጽ እንደሚነካው፣ ሒሳቡ፣ በመጨረሻም ይከፈል ወይም አይከፈል የሚል ቁርጥ ያለ አስተያየት። «ተመርምሮ ውሳኔ ቢሰጥበት» ብሎ መላክ አለመጻፍ ነው። ግርጌ ላይ «አዘጋጅ» የሚለው ቦታ ስማችሁ ይስፈር። ብዙ ሴቶች ፋይሉን ጠርዘው፣ አስልተው፣ ጽፈው ማስታወሻው የሌላ ሰው ስም ብቻ ይዞ ይሄዳል። ለፊርማ ከመቅረቡ በፊት መስመሩን ራሳችሁ ጻፉት።

ድሬዳዋ ላይ ከአዲስ አበባ እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ልትማሩት የምትችሉት ዘርፍ የባሕር ጭነት መድን ነው። ደረቅ ወደቡ፣ ባቡሩ፣ ነፃ የንግድ ቀጣናው እዚሁ ነው፤ ጅቡቲም ቅርብ ናት። ይህን የያዘች ሴት በቀላሉ አትተካም። የጭነት ውሎች ኤ፣ ቢ እና ሲ በሚባሉት የለንደን አንቀጾች ላይ ይቆማሉ። ኤ ሰፊው ነው፤ ሆኖም የዕቃው የራሱ ጠባይ ያመጣውን ብልሽት፣ በመዘግየት የመጣን ኪሳራና የአስተሻሸግ ጉድለትን አይሸፍንም። የመድኑ መጠን በተለምዶ የዕቃው ዋጋ፣ የማጓጓዣውና የመድኑ ወጪ ተደምሮ 10 በመቶ ይታከልበታል።

የዚህ መስመር ነጋዴ የሚጎዳበት ነገር አለ፦ ዕቃው ከመርከብ ከወረደ 60 ቀን ካለፈው፣ መጋዘን ባይደርስም ሽፋኑ ያበቃል። ሰነድ ወይም ቀረጥ ዘግይቶ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ከተኛ፣ 60ው ቀን ሳይሞላ ማራዘሚያ ኢንዶርስመንት (በውሉ ላይ የሚጨመር ማሻሻያ) መጠየቅ አለበት፤ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ልመና ዋጋ የለውም። ሌላው መረካከቢያው ነው። ካርቶኑ ርሶ ወይም ተቀዶ እያየ «በደህና ተረክቤያለሁ» ብሎ የፈረመ ነጋዴ፣ ድርጅቱ የከፈለውን ካሳ ከአጓጓዡ የማስመለስ መብቱን ይጎዳበታል። ጉዳቱ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ከላይ የማይታይ ከሆነ ደግሞ ለመርከቡ ወኪል በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይታወቅ። በመርከብ ባለቤቱ ላይ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ 1 ዓመት ነው፤ ካሳው ተከፍሎ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ሲረሳ ይህ ያልፋል። ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ ለሚገባ ከባድ መኪና የኮሜሳ ቢጫ ካርድም (በአባል አገሮች የሚሠራ የሦስተኛ ወገን ሽፋን) አትርሱ።

ስለ እሳት መድን አንድ ነገር ብቻ። የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ከተማ ውስጥ ጎርፍ ያልተጨመረበት የእሳት ውል መሸጥ ያሳፍራል። መደበኛው ፖሊሲ ጎርፍን በራሱ አያካትትም፤ በተጨማሪ አረቦን (የመድን ክፍያ) ይገባል። የቀፊራም ሆነ የታይዋን ገበያ ነጋዴ «ኢንሹራንስ አለኝ» ሲል ፖሊሲውን አስወጥታችሁ አንብቡለት። ወለድን ሸሽቶ መድን የማይገባ ሙስሊም ደንበኛ ካለም ታካፉልን (በሸሪዓ መርህ የሚሠራ የመረዳጃ መድን) በራሱ ቋንቋ የምታስረዳ ባለሙያ ታሸንፋለች፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የምትቀላቅል የድሬ ልጅ ይህን ከማንም በላይ ትችላለች።

ለሥራ አስኪያጅነት ስትወዳደሩ የሚጠየቀው ሒሳብ ነው። በ24,000 ብር አረቦን መጋቢት 1 የተሸጠ የዓመት ውል፣ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የሠራው የአራት ወር ብቻ ነው፤ 8,000 ብር። እስከዚያ 12,000 ብር ካሳ ቢመጣበት፣ ከጠቅላላ አረቦኑ 50 በመቶ ይመስላል፤ ከተሠራው አንጻር ግን 150 በመቶ ነው። በሰኔ ዕቅድ ለመድፈን ዋጋ ተሰብሮ የሚሸጠው ውል ቀጣዩን ዓመት የሚያቆስለው ለዚህ ነው። ይህን በቃል የምታስረዳ እጩ ከፈታኞቹ ፊት አትንቀጠቀጥም።

የለንደኑ የኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት ፈተና (ሰርተፊኬት፣ ዲፕሎማ፣ አድቫንስድ ዲፕሎማ) ይረዳል፤ ክፍያው ግን በፓውንድ ስለሆነ የውጭ ምንዛሪው አስቀድሞ ይታሰብ። ድርጅቱ ከከፈለ የግዴታ ውል ያስፈርማል። ስንት ዓመት እንደሚያስር፣ ብትለቁ ሙሉውን ወይስ የቀረውን እንደምትመልሱ፣ የወሊድ ፈቃድ ከአገልግሎት ዘመኑ ይቆጠር እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት አስጽፉ።

የወሊድ ፈቃዱ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው። ከመውጣታችሁ በፊት የያዛችሁትን እያንዳንዱን ክሌይም በሠንጠረዥ አስረክቡ፦ የፋይል ቁጥር፣ ግምቱ፣ የጎደለው ሰነድ፣ የሚያልፍበት ቀን፣ ቀጣዩ እርምጃ። ተረካቢው ይፈርም፣ አንድ ቅጂ ቤታችሁ ይቀመጥ። ስትመለሱ «ለጊዜው መስኮቱን ያዢ» ከተባለ፣ ሠንጠረዡን አያይዛችሁ ወደ ቀድሞ መደባችሁ እንድትመለሱ በዚያው ሳምንት በደብዳቤ ጠይቁ።