የግል ወረቀቶቻችን ማደሪያ በደሴ

ግለ ታሪክ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታወሰን ታትሞ፣ ሽፋን ለብሶ በመጻሕፍት መደብር የተደረደረው መጽሐፍ ነው። ከዚያ መጽሐፍ በፊት ግን በየቤቱ ሌላ ጽሑፍ ነበረ፦ የዕለት ማስታወሻ የተያዘበት ደብተር፣ ተሰርዞ የተደለዘ ረቂቅ፣ በካርቦን ወረቀት የተቀዳ ማመልከቻ፣ «ይድረስ ለ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ፣ ከጀርባው ቀንና ስም የተጻፈበት ፎቶግራፍ። መጽሐፉ ጸሐፊው በዕድሜው ማምሻ ላይ ያለፈውን እንዴት ሊያስታውሰው እንደ ፈለገ ይነግረናል፤ ወረቀቶቹ ደግሞ በዚያው ሰዓት ምን እንዳየ፣ ምን እንደ ፈራና ከማን እንደ ተበደረ ይነግሩናል። የደሴ ልጅ እንደ መሆኔ የማምንበትን ከመነሻው ልናገር፦ እነዚህ የግል ወረቀቶች በሥርዓት የሚጠበቁበት ቦታ ያስፈልገናል፤ ቦታውም ሕይወቱ የተኖረበት አካባቢ፣ ማለትም ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መሆን አለበት።

የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግለ ታሪክ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን ጸሐፊው ያረፉት ግን በ1969 ዓ.ም. ነበር። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም በ1972 ዓ.ም. አርፈው ትዝታቸው ለኅትመት የበቃው በ2002 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል የመንግሥት ለውጥ፣ የንብረት ውርስ፣ እስራትና ስደት በብዙ ቤተሰብ ላይ አልፏል፤ ጽሑፎቹ ለእኛ የደረሱት አንድ ሰው፣ አንድ ቤት ስለ ጠበቃቸው ነው። የታላላቅ ሰዎች ጽሑፍ እንኳ ይህን ያህል ዘመን በጠባቂ እጅ መቆየት ካስፈለገው፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ደብተር ወይም የሰኞ ገበያ ነጋዴ ደብዳቤ ማን እጅ ላይ ይቆያል? ስማቸው ለማይታወቅ ሰዎች አሳታሚ አይመጣላቸውም፤ ልጆቻቸው ቤት ሲቀይሩ ወይም ሲያድሱ ወረቀቱ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ይወጣል።

ይህን ጉዳይ በቅርብ ያሳዩኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በጽሕፈት ሥራ ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ ለኅትመት አስበው አንዲት መስመር እንኳ አልጻፉም፤ ነገር ግን በየማታው ጥቂት መስመር ሳይጽፉ አይተኙም ነበር። ደብተሮቻቸውን ሳገላብጥ በጦሳ ተራራ ላይ የወረደው በረዶ፣ የጤፍ ዋጋ፣ ለቅሬ (በወሎ ለዕድር) የተከፈለ መዋጮ፣ የልጅ መታመም፣ የጎረቤት ሠርግ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ክብር አግኝቶ በተርታ ተጽፏል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በረኃቡ ጊዜ ጽሑፋቸው ያጥራል፤ ስለ መንግሥትም ስለ ፖለቲካም አንድ ቃል የለም፤ ያለው ከሰሜን በኩል በእግራቸው ደሴ የገቡ ሰዎች በየቀኑ የት የት እንዳረፉና እቤታቸው ደጃፍ ማን እንደ ሞተ ነው። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካኝ ግን የተጻፈው ሳይሆን የጠፋው ነው፤ የ1970 ዓ.ም. ደብተር መካከሉ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል። ያን ዘመን ያየ ሰው ለምን እንደ ተቆረጠ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። በቀይ ሽብር ጊዜ ሰዎች መጻሕፍታቸውን አቃጥለዋል፣ ወረቀታቸውን በጓሮ ቀብረዋል፣ በሽንት ቤት ጥለዋል። አጎቴ ያን ዘመን ቆይተው በመጽሐፍ ቢጽፉት ኖሮ ክፍተቱን በሌላ ዓረፍተ ነገር ይሞሉት ነበር፤ አንባቢም ገጾቹ መቆረጣቸውን ሳያውቅ ያልፍ ነበር። ደብተሩ ግን የተቆረጠውን ጠርዝ እንደ ያዘ አለ፤ ያ ጠርዝ ራሱ ምስክር ነው።

በዚህ ረገድ የቀደሙንን አገሮች ሳስብ ትዝ የሚለኝ ትልልቁ ቤተ መዛግብት አይደለም። በጣሊያን ቶስካና ውስጥ ፒዬቬ ሳንቶ ስቴፋኖ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1944 የሚያፈገፍገው የጀርመን ጦር ፈንጂ አጥምዶ አፍርሷት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሳቬሪዮ ቱቲኖ የተባለ ጋዜጠኛ በዚህች ከተማ የተራ ሰዎች የዕለት ማስታወሻ፣ ደብዳቤና ግለ ታሪክ የሚከማችበት ቤተ መዛግብት አቋቋመ። ክሌሊያ ማርኪ የተባለች ገበሬ ባሏ በመኪና አደጋ ከሞተ በኋላ ሌሊት ሌሊት ሕይወቷን ስትጽፍ ወረቀት ቢያልቅባት በሠርጓ አንሶላ ላይ ጽፋዋለች፤ አንሶላው ዛሬ እዚያው ተጠብቆ ይገኛል። ቪንቼንዞ ራቢቶ የተባለ በቅጡ ትምህርት ቤት ያልገባ የሲሲሊ የመንገድ ሠራተኛም በጽሕፈት መኪና ሕይወቱን በ1,027 ገጽ ጽፎ፣ በየቃሉ መካከል ሴሚኮሎን (;) እየመታ ትቶ ሞተ። ልጁ ወረቀቱን ወደ ፒዬቬ ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በመጽሐፍ ሲታተም እጅግ አጥሮ ነበር፤ ሙሉው 1,027 ገጽ ከነምልክቱና ከነስሕተቱ ያለው ግን በቤተ መዛግብቱ ነው። ለእኔ ይህ ልዩነት የነገሩ ሁሉ ማዕከል ነው፤ አሳታሚ ለአንባቢ ሲል መቁረጥ አለበት፣ ቤተ መዛግብት ግን መቁረጥ የለበትም።

በዚያው በፒዬቬ ኢትዮጵያን ሊወርሩ የመጡ የጣሊያን ወታደሮች ማስታወሻና ደብዳቤም ተከማችቷል፤ የአገራቸው የታሪክ ሊቃውንትም ስለ ቅኝ ግዛቱ ዘመን ሲጽፉ ከዚያ ይቀዳሉ። ደሴ በአውሮፕላን የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጦሩም የገባባት በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ቀን ነው። ከዚያ ጦር ጋር የዘመተ አንድ ወታደር ለእናቱ የጻፈው ደብዳቤ በሣጥን፣ በቁጥርና በማውጫ ተጠብቆ ሊነበብ ይችላል። ቦምቡ የወደቀበት ሰው የጻፈው ወይም ለልጁ ነግሮ ያስጻፈው ግን በየቤቱ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንደ ተረፈ ለማወቅ የሚጠይቅ እንኳ የለም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ደግሞም ያስቆጨኛል።

ፈረንሳይ ውስጥ አምቤርዩ በምትባል ከተማ፣ ጀርመን ውስጥም በኤመንዲንገን ተመሳሳይ ክምችቶች አሉ። ከፒዬቬ ጋር ሦስቱም ትንንሽ ከተሞች ናቸው፤ ከደሴ ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ትንንሽ።

ከባዶ እንነሣለን ማለቴ አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን ባለችው ሐይቅ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ፤ የገዳሙን ሰዎችና ንብረት የሚመለከቱ ማስታወሻዎች ከቅዱሱ ጽሑፍ ጋር በአንድ ብራና ላይ ተጽፈዋል። በወሎ መድረሳዎችም በዐረብኛ ፊደል አማርኛ የሚጻፍበት የዐጀሚ ልማድ ነበረ፤ ሸይኽ ጦልሓ ጀዕፈርን የመሰሉ ዑለማ መንዙማቸውን የጻፉት በዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በሌጣ ወረቀት ላይ ሲገኝ ልጅ ልጆቹ «ዐረብኛ ነው» ብለው ያስቀምጡታል፤ የአያታቸው የአማርኛ ቃል መሆኑን የሚያውቅላቸው ሰው ካላገኙ እንደ ተዘጋ ይቀራል።

ከሁሉ ይልቅ የተናቀው ግን ማመልከቻ ነው። በየፍርድ ቤቱ አጠገብ የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ለስንት ዘመን የማይጽፈውን ሕዝብ ሕይወት ሲጽፉ ኖረዋል። አንዲት መጻፍ የማትችል ሴት የመሬት ክርክር ይዛ ስትቀርብ መቼ እንደ ተዳረች፣ ባሏ መቼ እንደ ሞተ፣ ልጆቿ የት እንዳሉ፣ ማን በሬዋን እንደ ወሰደባት በቅደም ተከተል ትናገራለች፤ ጸሐፊውም «እኔ አመልካች» ብሎ በእሷ አንደበት ያሰፍረዋል። በእርግጥ ጸሐፊው የራሱን የሕግ ቋንቋ ይጨምርበታል፣ ለዳኛ የሚያዝነውን አጉልቶ የማያዝነውን ያሳንሰዋል፤ ቢሆንም በዚያ ዘመን የብዙ ሰው ሕይወት በ«እኔ» ተጽፎ የሚገኘው በዚህ ወረቀት ብቻ ነው። ቅጂው ከአመልካቹ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል፤ ክርክሩ ካለቀ በኋላ ማንም አይፈልገውም። እኔ ብሰበስብ በመጀመሪያ የምሰበስበው እሱን ነው።

ወረቀት አምጡ ሲባል ግን ሰው የሚፈራው ነገር አለ፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። የቤት ገመና አለ። በወሎ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ በአንድ ጣሪያ ይኖራል፤ ሃይማኖት የቀየረ አለ፣ ትዳሩ በክፉ የፈረሰ አለ፣ ያልታወጀ ልጅ አለ። ከዚህም የሚከብደው በቀይ ሽብር ዘመን ማስታወሻ ውስጥ «እገሌ ጠቆመ» ተብሎ የተጻፈ ስም ነው፤ የዚያ ሰው ልጆች ዛሬ ከጸሐፊው ልጆች ጋር በአንድ ቅሬ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ወረቀት ተቀብሎ ለመጣ ሁሉ መግለጥ በደል ነው። ያም ሆኖ መፍትሔው ማቃጠል አይደለም። ሰጪው ወረቀቱን ሲያስረክብ በጽሑፍ ውል ይዋዋላል፤ የትኛው ሣጥን ወዲያው እንደሚነበብ፣ የትኛው ለ20 ወይም ለ50 ዓመት ታሽጎ እንደሚቆይ በውሉ ይወሰናል፤ ተቋሙም ቃሉን ይጠብቃል። መስጠትም ማሳተምን መፍቀድ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የቅጂ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ይህ ሁሉ በግልጽ ቢነገር አሁን እምቢ ከሚሉት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ይሰጣሉ ብዬ አምናለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ቅርሶች ተዘርፈዋል። «ታዲያ እንዴት እዚህ ይቀመጥ ትላለህ?» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ መልሴ ግን ዋናው እዚህ፣ ቅጂው ሌላ ቦታ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲቀዱ መጻሕፍቱ በየደብራቸው ቀርተው ፊልሙ አዲስ አበባና አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጧል፤ በዚህ መንገድ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተቀድተዋል። ለሌጣ ወረቀትም ያው ሥርዓት ይሠራል። ክፍሉ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ወይም በሁለቱም ከተሞች ግቢ ባለው በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል፤ የምስል ቅጂው ደግሞ ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። ወረቀቱን አዲስ አበባ ወስዶ መዝጋት ግን ትክክል አይመስለኝም፤ «ሆጤ ያለው አሮጌው ቤት» ተብሎ የተጻፈውን የትኛው ቤት እንደ ሆነ የሚያውቁት እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ማውጫውም ከእነሱ ጋር ቁጭ ተብሎ መሠራት አለበት።

ክፍሉ እስኪገኝ ድረስ በየቤታችን ልናደርግ የሚገባን አለ። የደሴ ክረምት ጉምና እርጥበት ስለሚበዛበት ወረቀት በፌስታል ታስሮ ከተቀመጠ ይሻግታል፤ በካርቶን ወይም በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ስፒልና ስቴፕል ስለሚዝጉ ቀስ ተብለው ይነቀሉ፤ የተቀደደው በስኮች አይለጠፍ። አሮጌ ደብዳቤንና ፎቶግራፍን ላሚኔት ማስደረግ እንደ ጥንቃቄ ስለሚታይ አሁን በጣም ተለምዷል፤ ሙቀቱና ሙጫው ግን ወረቀቱን ይጎዳዋል፣ አንዴ ከተጣበቀም ሳይበላሽ አይላቀቅም፤ እባካችሁ ተዉት። ደግሞም «ላስተካክለው» ብላችሁ በቀን ወይም በሰው ለይታችሁ አትደርድሩት። ባለቤቱ የአንዲትን ሴት ደብዳቤ ከመሬት ግብር ደረሰኝ ጋር አንድ ላይ አስሮት ከሆነ የታሰረበት ምክንያት ይኖራል፤ ያን ክር ከፈታችሁት ምክንያቱን የሚነግረን አይኖርም።

አንድ የሚያስቸኩል ነገር አለ፤ እሱም ካሴት ነው። ከወሎ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሄዱ ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ስልክ እንዲህ ሳይስፋፋ ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው በሰው እጅ ለቤተሰብ ይልኩ ነበር፤ መጻፍ ለማትችል እናት ከደብዳቤ ይሻል ነበርና። እናትም እያለቀሰች፣ እየመረቀች፣ የከብቱንና የዘመዱን ወሬ እየነገረች በሌላኛው ገጽ ትመልስ ነበር። እንዲህ ያለ ካሴት በብዙ ቤት አለ፤ ማጫወቻው ግን እየጠፋ ነው፣ ክሩም እያረጀ ይጣበቃል። ማጫወቻ ያለው ሰው ቀድሞ ክሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ያዙርና ከማጫወቻው ወደ ኮምፒውተር በገመድ ይቅዳው፤ ስልክን በድምፅ ማጉያው ፊት አስቀምጦ መቅዳት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ሲቀዳ ሁለቱም ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ዝምታውም ሳይቆረጥ ይቀዳ፤ በካሴቱ ካርድ ላይ የተጻፈው ስምና ቀንም በፎቶግራፍ ይያዝ። የተናገረችው ልጅ በሕይወት ካለች፣ ለማን ሊሰማ እንደሚገባ የምትወስነው እሷ ስለ ሆነች፣ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቋት።